ሙቀት የሚወጣበት በር፦ አሮጌ የኮምፒውተር ኬዝን ለደጋ አየር ማስተካከል

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጌም ቤትና ቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት የሚሠራው ውጭ አገር አገልግሎ በመጣ ኮምፒውተር ነው። ማሽኑ ውስጡ ደህና ሆኖ ሳለ ከቀትር በኋላ ይንቀራፈፋል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ሥራ መሀል ላይ በራሱ ይጠፋል። ባለቤቱ «በቃ፣ አርጅቷል» ብሎ ለቁራሌ ሊሰጠው ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ እርጅና ሳይሆን ሙቀቱ መውጫ ማጣቱ ነው። ይህን ደግሞ በካቻቢቴ፣ በሞረድና በትዕግሥት ማስተካከል ይቻላል።

ሥራውን ደረጃ በደረጃ እናየዋለን። ከመጀመሪያው ግን አንድ ነገር እንያዝ፦ ቀዳዳ ማብዛት አየር ማዘዋወር አይደለም። አየር መግቢያ፣ መተላለፊያና መውጫ ሲኖረው ብቻ ነው ሙቀት ይዞ የሚወጣው። የኬዙም ውበት መምጣት ያለበት ይህን መንገድ ተከትሎ ነው።

መነሻው፦ ቀዝቃዛ አገር ውስጥ ኮምፒውተር ለምን ይሞቃል?

«እኛ ያለነው ደጋ ላይ ነው፤ ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ታዲያ ኮምፒውተሩን ምን ያሞቀዋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው አየሩ ምን ያህል ቀዝቃዛ ነው በሚለው ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ስስ ነው በሚለውም ውስጥ ነው።

ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ቡራዩ በሁለቱ መካከል ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ወደብ ቢመዘን 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ያው አንድ ሜትር ኩብ ሰበታ ላይ 0.9፣ ሱሉልታ ላይ 0.87 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከሩብ ያላነሰ ክብደት ጎደለ ማለት ነው።

ፋን የሚገፋው ይዘትን ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ እኛ ዘንድ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። እስቲ በቁጥር እንየው። ኬዙ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች 150 ዋት ሙቀት ያመነጫሉ፣ በኬዙ ውስጥም በሰከንድ 15 ሊትር አየር ያልፋል እንበል። በባሕር ወለል ላይ አየሩ ሲገባ ከነበረው 8 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይወጣል። ሱሉልታ ላይ ግን ከ11 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነው የሚወጣው። የአየሩን መጠን በእጥፍ ብንጨምረው ጭማሪው በግማሽ ይቀንሳል። የዛሬው ሥራችን በሙሉ ያረፈው በዚህ ስሌት ላይ ነው።

አትሌቶቻችን ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሠለጥኑት በዚሁ ስስ አየር ምክንያት ነው። የሯጩ ሰውነት ቀይ የደም ሴል እየጨመረ ከከፍታው ጋር ይለማመዳል፤ ኮምፒውተር ግን በራሱ አይለማመድም። ልምምዱን በኬዙ ላይ የምንሠራለት እኛ ነን።

ሃርድ ዲስክም ከፍታ ይመለከተዋል። የሚሽከረከረው ዲስክ አንባቢ ራሱን ተሸክሞ የሚያቆየው ስስ የአየር ንጣፍ ነው። በብዙ ሃርድ ዲስኮች መግለጫ ላይ የተቀመጠው የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። ከተሞቻችን ከዚህ በታች ቢሆኑም ሱሉልታ ከጣሪያው ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ በሙቀት በኩል ዲስኩን ተጨማሪ ጫና ልናሳርፍበት አይገባም።

ደረጃ 1፦ ኬዙን መለየት

ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድ ልክ ያወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። የሙሉ ኤቲኤክስ ቦርድ ልክ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ሲሆን የብሎኖቹም ቦታ የታወቀ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተሠራ ጠንካራ የላሜራ ኬዝ የዛሬን ቦርድ ሊቀበል ይችላል። አሮጌ ኬዝ ለመጣል የማያስቸኩለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁሉም ኬዝ ግን ኤቲኤክስ አይደለም። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 ያሉት ቢቲኤክስ የተባለውን ሌላ አቀማመጥ ይጠቀማሉ። ክዳናቸውን ስትከፍቱ አየሩን ወደ ፕሮሰሰሩ የሚመራ ትልቅ የፕላስቲክ መሸፈኛ ታያላችሁ። ይህን መሸፈኛ «ቦታ ይዟል» ብላችሁ አታንሱ፤ የአየሩ መተላለፊያ ራሱ እሱ ነው። የፋናቸው ሶኬትም ብዙ ጊዜ የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ በሌላ ፋን ብትተኩት ማሽኑ ሲነሳ ስህተት አሳይቶ ኤፍ1 እንድትጫኑ ሊያስቆማችሁ ይችላል። እንዲህ ያለውን ኬዝ አጽዱት፣ የፊት መግቢያውን አስፉት፤ ዋናውን ፋን ግን ተዉት።

ደረጃ 2፦ መለካት

ሳይለካ የተቆረጠ ኬዝ መሻሻሉን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ባዮስ ውስጥ የሙቀት ንባብ አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ እንደ ኤችደብሊው ሞኒተር ያለ ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። አራት ቁጥር መዝግቡ፦ የክፍሉን ሙቀት፣ ማሽኑ ያለ ሥራ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ እንዲሁም ቪዲዮ እያወጣ ወይም ጌም እያጫወተ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የፕሮሰሰሩንና የሃርድ ዲስኩን ሙቀት። ከዚያ ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የክፍሉን ሙቀት ቀንሱ። ጠዋትና ቀትር ክፍሉ ስለሚለያይ ከሌላ ቀን ጋር የምታወዳድሩት ይህን ልዩነት ነው።

አሁን ወሳኙ ፈተና ይመጣል። የኬዙን የጎን ክዳን አንስታችሁ ያንኑ ከባድ ሥራ አሠሩትና እንደገና ለኩ። ሙቀቱ በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ከወረደ ችግሩ ኬዙ ነው፤ አየር አይዘዋወርበትም። በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ብቻ ከወረደ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ላይ ካለው ሙቀት አስወጋጅ ብረት፣ ከደረቀ ተርማል ፔስት ወይም ከአቧራ ነው፤ ኬዝ መቁረጥ አይፈውሰውም። ክዳኑን ግን ክፍት አድርጋችሁ አትተዉት። ለጊዜው ይቀዘቅዛል፤ ውሎ ሲያድር ግን የአካባቢው አቧራ በሙሉ ቦርዱ ላይ ይቀመጣል።

ደረጃ 3፦ ማጽዳት

በበጋ ከአስፋልቱ ገባ ያለው የቡራዩና የሰበታ መንገድ ምን ያህል አቧራ እንደሚያነሳ ነዋሪው ያውቀዋል። በዚያ ላይ የከሰልና የእጣን ጭስ አለ። ጭሱ ቅባትነት ስላለው አቧራውን ብረቱ ላይ ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ከሁሉ ቀድሞ ይታፈናል።

ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ ደጅ አውጡትና በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር የምታስነፉት ከሆነ ሦስት ነገር ጠብቁ፦ መጀመሪያ በቱቦው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ይውጣ፤ ግፊቱ ይቀነስ፣ አፉም ከቦርዱ ይራቅ፤ የፋኑን ምላሶች ደግሞ እንዳይሽከረከሩ በጣት ያዙ። በኃይል የተሽከረከረ ፋን መሐሉ ይበላሻል።

ከዚያ ሙቀት አስወጋጁን ብረት ፈትታችሁ የደረቀውን ፔስት በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ በፕሮሰሰሩ መሐል የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አድርጋችሁ መልሱት። እንደገና ለኩ። ብዙ ማሽኖች እዚህ ላይ ይድናሉ፤ ልዩነቱ ከጠበበላችሁ መቁረጥ አያስፈልጋችሁም፣ በቀጥታ ወደ ማሳመሩ እለፉ።

ደረጃ 4፦ የአየሩን መንገድ ማየት

አየር አይታይም፤ ጭስ ግን ይታያል። ማሽኑ ክዳኑ ተገጥሞ እየሠራ ሳለ አንድ ሰንደል ለኩሱና በፊቱ፣ በጎኑና በኋላው በኩል ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጭሱ የሚሳብበት መግቢያ ነው፤ የሚገፋበት መውጫ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ደግሞ ምንም የማይሠራ ቀዳዳ ነው። ያያችሁትን ወረቀት ላይ በቀስት ሳሉ።

በብዙ አሮጌ ኬዞች ላይ ሁለት ጉድለት ታገኛላችሁ። አንደኛው፣ የፊት ፕላስቲኩ ድፍን ስለሆነ አየር የሚገባው ከሥር ባለች ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ፋን የሚታሰርበት ላሜራ በትንንሽ ቀዳዳ የተበሳ ስለሆነ ላሜራው ራሱ አየሩን ያግደዋል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ቀዝቃዛ አየር ከፊት፣ ከታች በኩል ይግባ፤ በሃርድ ዲስኩና በካርዶቹ ላይ አልፎ ወደ ፕሮሰሰሩ ይውጣ፤ ከዚያ ከኋላ፣ ከላይ በኩል ይውጣ። በአሮጌ ኬዝ ላይ ከላይ የተቀመጠው ፓወር ሰፕላይም አየር ወደ ውጭ እንደሚገፋ አትርሱ። መግቢያና መውጫ ፋን ጎን ለጎን አታድርጉ፤ የገባው አየር ውስጡን ሳይነካ ወዲያው ተመልሶ ይወጣል።

ለእኛ ከተሞች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፦ የሚገባው አየር ከሚወጣው ይብለጥ። የሚወጣው ከበለጠ ኬዙ የጎደለውን አየር ከየስንጥቁ፣ ከሲዲ ማጫወቻው ሳይቀር ይስባል፤ አቧራውም አብሮ ይገባል። የሚገባው ከበለጠ ግን አየር የሚገባው ማጣሪያ ባደረግንበት በር ብቻ ይሆናል። ከፊት ሁለት ፋን አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ፣ ይህ ለብዙው ማሽን ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ፋን መምረጥ

በአሮጌ ኬዝ ላይ የምታገኙት ብዙ ጊዜ 80 ሚሊ ሜትር ፋን ነው። 120 ሚሊ ሜትር የሆነው ስፋቱ ከእሱ 2.25 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ ያለ ጩኸት፣ ብዙ አየር ያሳልፋል። የብሎኖቹ ቀዳዳ ከመሐል እስከ መሐል ሲለካ ለ80ው 71.5፣ ለ92ቱ 82.5፣ ለ120ው 105 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ጻፏቸው፤ ስትሰረስሩ ያስፈልጓችኋል።

የፋኑ አቅጣጫ ጎኑ ላይ በቀስት ተመልክቷል። ቀስት ከሌለው ሞተሩን የያዙት የፕላስቲክ ክንዶች ባሉበት በኩል አየሩ ይወጣል።

አንድ ተራ ፋን የሚወስደው ከ0.1 እስከ 0.3 አምፔር ነው፤ የማዘርቦርድ የፋን ሶኬት ብዙውን ጊዜ የሚችለው እስከ 1 አምፔር ነው። በፋኑ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ ብዙ ፋን በአንድ ሶኬት አትደርድሩ። ከፓወር ሰፕላዩ ባለ አራት ሽቦ ሶኬት የምትወስዱ ከሆነ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች መሬት ናቸው። ፋኑ የሚፈልገው ቢጫውንና አንዱን ጥቁር ነው። በሽቦ የቀጠላችሁትን ሁሉ በካውያ በይዳችሁ በናስትሮ ጠቅልሉት።

ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱ። 220 ቮልቱ ውስጡ ሲገባ ከ300 ቮልት በላይ ሆኖ በካፓሲተር ይጠራቀማል፤ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ ኤሌክትሪክ የተሰካ ማሽን ይቃጠላል።

ደረጃ 6፦ መቁረጥ

ከመቁረጣችሁ በፊት ኬዙ ባዶ ይሁን። ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ሽቦው ሁሉ ይውጣ፤ ከሞረድ የወጣች ትንሽ የብረት ብናኝ ቦርድ ላይ ከወደቀች ሾርት ታደርጋለች። የዓይን መከላከያ መነጽርና ወፍራም ጓንት አድርጉ፤ የኬዝ ላሜራ ስስ ስለሆነ ጠርዙ እንደ ተቆረጠ እጅ ይሰነጥቃል።

ትራፓኖ፣ 4 ሚሊ ሜትር መብሻ፣ የሴጌቶ ምላጭና ግማሽ ክብ ሞረድ አዘጋጁ። እንዲህ ሥሩ፦

መጀመሪያ ላሜራው ላይ የወረቀት ቴፕ ለጥፋችሁ የፋኑን መሐል ምልክት አድርጉ። በኮምፓስ 115 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሳሉ፤ በዙሪያው የአራቱን ብሎኖች ቦታ በ105 ሚሊ ሜትር ልኬት ምልክት አድርጉ። ፋኑን ራሱን አስቀምጣችሁ አመሳክሩ።

ቀጥሎ ላሜራውን ከጀርባው በእንጨት አስደግፉ። በክቡ መስመር ውስጠኛ ዳር እየተጠጋጉ የሚሄዱ ቀዳዳዎች ሰርስሩ፤ በመካከላቸው የቀረውን በሴጌቶ ምላጭ ቁረጡ። መሐሉ ሲወድቅ ጥርስ ጥርስ ያለ ክብ ይቀራል፤ በሞረድ እስከ መስመሩ አስተካክሉት።

በመጨረሻ ጠርዙን አልብሱት። ከወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ፕላስቲኩን ገፍፋችሁ በርዝመቱ ሰንጥቁትና ጠርዙ ላይ አስገቡት። እጅም ሽቦም አይቆርጥም፣ አጨራረሱም ያምራል።

ትራፓኖ የሌለው ሰው በየሰፈሩ በር የሚሠሩት ብረታ ብረት ቤቶች ጋር ይሂድ። ግን ግራይንደር ክብ አይቆርጥም፤ በቀጥታ መስመር ስምንት ጎን አስቆርጡና ቀሪውን በሞረድ ጨርሱ። የፊቱ ፕላስቲክ ድፍን ከሆነ እሱንም በፋኖቹ ልክ ክፈቱት፤ ከኋላው የሽቦ ወንፊት አስራችሁ ሸፍኑት። ወንፊትና ትርፍ ላሜራ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል።

ደረጃ 7፦ ማጣሪያ

በመግቢያው ላይ የምታደርጉት ማጣሪያ ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን ማስታረቅ አለበት፤ አቧራ ይያዝ፣ አየር ያሳልፍ። ለመስኮት የሚሸጠው የትንኝ መከላከያ ወንፊት አየር በደንብ ያሳልፋል፣ ግን ደቃቅ አቧራ ያመልጠዋል። የተወጠረ ስቶኪንግ ደቃቁን ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይደፈናል። አስፋልት ዳር ላለ ቤት ወንፊቱ፣ ኮረኮንች ዳር ላለ ቤት ስቶኪንጉ ይሻላል። ሁለቱም ያለ ካቻቢቴ የሚነሱ ይሁኑ፤ ለማውጣት አስቸጋሪ የሆነ ማጣሪያ ሳይታጠብ ይከርማል።

ደረጃ 8፦ ማሳመር

አሁን ውበት ተራው ደረሰ። ቢጫ በሆነው የፊት ፕላስቲክ እንጀምር። ፕላስቲኩ የሚቀየረው እሳት እንዳይዘው የተጨመረበት ኬሚካል በሙቀትና በፀሐይ ጨረር ስለሚለወጥ ነው። ፀጉር ቤቶች የሚጠቀሙበት የሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ክሬም፣ 12 በመቶ የሆነው፣ ይመልሰዋል። ፕላስቲኩን አጥባችሁ ክሬሙን እኩል ቀቡት፤ እንዳይደርቅ በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ በየጊዜው እያያችሁ ክሬሙን አድሱ። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል። ክሬሙን የሚያሠራው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። ፋናችንን ያዳከመው ስስ አየር እዚህ ላይ ይረዳናል።

ላሜራውን የምትቀቡ ከሆነ የጎደጎደውን በስቱኮ ሙሉ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ አቧራውን ጠርጋችሁ መጀመሪያ አንቲረስት፣ ከዚያ የስፕሬይ ቀለም ቀቡ። አንድ ወፍራም ቅብ ይወርዳል፤ እየደረቀ የሚደራረብ ሦስት ስስ ቅብ ይሻላል። የሱሉልታ ጤዛ ከደረቀ በኋላ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ያለው ረፋድ ጥሩ ሰዓት ነው። ማዘርቦርዱ በብሎን የሚያርፍባቸውን ቦታዎች በቴፕ ሸፍኑ፤ እዚያ ብረት ከብረት መነካካት አለበት።

ጌጥ የሚፈልግ ባጃጅ የሚያስጌጡትን የስቲከር ቤቶች ያነጋግር። የጥለት ንድፍ በኬዙ ጎን ላይ ቢቆረጥ ከየትኛውም ከውጭ ከመጣ ኬዝ የሚለይ መልክ ይሰጠዋል። ውስጡ እንዲታይ የሚፈልግ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩ ቤቶች የሚጠቀሙበትን 3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ በጎን ክዳኑ ላይ ይግጠም። በፊቱ በኩል ግን መስታወትም አክሪሊክም አታድርጉ፤ መግቢያውን ይዘጋል። ሽቦዎቹን በኬብል ታይ ከላሜራው ጋር አስጠግታችሁ እሰሩ፤ ለዓይን ያምራል፣ ለአየሩም መተላለፊያው ይለቀቅለታል።

ደረጃ 9፦ መመለስና መፈተሽ

ኬዙን የብረት ብናኝ እስኪጠፋ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ዕቃዎቹን መልሱ። ያንኑ የሰንደል ፈተና ድገሙ፤ ቀስቶቹ በሳላችሁት መንገድ ከሄዱ ሥራው ተሳክቷል። የአቀማመጡም ነገር አይዘንጋ። ከመሬት አንሱት፣ ከግድግዳው በአንድ ስንዝር አርቁት፤ ለክብሩ ተብሎ የሚለብሰው ዳንቴልም ማሽኑ ሲሠራ ይነሳ። ማጣሪያውን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ በክረምት በየወሩ እጠቡ።

የቤት ሥራ

አንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አስምሩ፦ ከመጽዳቱ በፊት፣ ከጸዳ በኋላ፣ ኬዙ ከተሻሻለ በኋላ። በእያንዳንዱ ላይ የክፍሉን ሙቀት፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ልዩነቱን ጻፉ። ወረቀቱን በጎን ክዳኑ ውስጥ ለጥፉት። ከዓመት በኋላ ማሽኑ ሲያስቸግር የሚከፍተው ባለሙያ፣ እናንተም ሆናችሁ ሌላ ሰው፣ ከምን ተነስቶ የት እንደደረሰ ያውቃል፤ በግምት አይቆርጥም፣ ያለ ምክንያትም አይጥለውም። ወረቀቱን ለጎረቤት ጌም ቤት፣ ለሰፈሩ ብረታ ብረት ቤት ልጆችም አሳዩአቸው። ሞረዱ በእጃቸው ነው፤ የሚጎድላቸው ልኬቱ ነው፣ እሱን ደግሞ አሁን እናንተ ታውቁታላችሁ።